ለማን ቁመት የተሠራ ጣሪያ

ኑ፣ ጠጋ በሉ፤ ወሬዬ ረጅም ነው። ከቴክሳስ ዳላስ ይነሣና መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ቤት ይደርሳል። ዘመኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩ የእነሱ አገር ታሪክ ነውና። የምነግራችሁም አሜሪካ ውስጥ በመሥሪያ ቤቱ በኩል የጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሲታመም በዓመት ከኪሱ ቢበዛ ስንት ያወጣል የሚለውን ቁጥር ነው። ማን አቆመው? ለማንስ ልክ ቆመ?

ጊዜው 1929 ነው። ዳላስ ያለውን የቤይለር ሆስፒታል እንዲመራ አንድ ሰው ተሾመ፤ ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል ይባላል። ሐኪም አይደለም። ከዚያ በፊት የከተማይቱ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ ነበር። የሆስፒታሉን መዝገብ ገልጦ ቢያይ ያልተከፈለ ሒሳብ ሞልቶበታል። የባለዕዳዎቹን ስም ሲያነብ ደግሞ ብዙዎቹን ያውቃቸዋል፤ ትናንት ሲያስተዳድራቸው የነበሩ መምህራን ናቸው።

ኪምቦል ትምህርት ቤቶቹን በሚመራበት ጊዜ መምህራን ሲታመሙ የሚረዳ ፈንድ አቋቁሞ ስለነበር፣ ስንት ሰው በዓመት ስንት ቀን እንደሚተኛ የሚያሳይ መዝገብ በእጁ ነበር። ከዚያ ላይ አሰላ። እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም ቢያዋጣ፣ በዓመት 6 ዶላር መሆኑ ነው፣ ሆስፒታሉ የታመመውን እስከ 21 ቀን አስተኝቶ ማከም ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይሉ የለ? ከሺህ በላይ መምህራን ተመዘገቡ። በዚያው ሰሞን የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ አገሩ ችግር ውስጥ ገባ፤ ይህ በሃምሳ ሳንቲም የቆመ ነገር ግን ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ። ዛሬ ብሉ ክሮስ የምትሉት የኢንሹራንስ ቤተሰብ ዘሩ ከዚህ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሃያ አንድ ቀን ብያችኋለሁ። ሃያ ሁለተኛው ቀንስ? ከሃያ ሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሒሳቡ ወደ ታማሚው ይዞራል። ወሰን ተበጅቷል፤ የተበጀው ግን ለከፋዩ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ቢበዛ ስንት እንደሚያወጣ ታውቋል፤ ታማሚው ቢበዛ ስንት እንደሚያወጣ ግን ማንም አልተናገረም። ያዙልኝ ያልኩት ከዚህ በኋላ ለአብዛኛው ሠራተኛ ነገሩ ሰማንያ ዓመት ያህል በዚሁ ስለኖረ ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1942 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ ደመወዝ ካለበት እንዳይነቃነቅ አሠረው። ወጣቱ ዘምቷል፤ ፋብሪካው ሠራተኛ አጥቷል፤ ደመወዝ ጨምሮ ሰው መሳብ ደግሞ ተከልክሏል። ክልከላው ኢንሹራንስን እንደ ደመወዝ ስላልቆጠረው አሠሪዎች በዚያ በኩል ገቡ። በ1954 የወጣው የግብር ሕግም አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ ግብር እንደማይነካው አጸና። በዚያ አገር ሕክምናና እንጀራ በአንድ ቋጠሮ የታሠሩት እንዲህ ነው። ዛሬም ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚታከመው በራሱ ወይም በቤተሰቡ አባል አሠሪ በኩል በተገኘ ኢንሹራንስ ነው።

ሕክምናው እየረቀቀ ሲሄድ የኪምቦል ስሌት አልበቃ አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ለከባድ ሕመም የታሰበ፣ ሜጀር ሜዲካል የሚባል ኢንሹራንስ ተነሣ። በየዓመቱ ቤታችሁ በሚመጣው ወረቀት ላይ የምታዩዋቸው ቃላት የተለመዱት ከእሱ ጋር ነው። ዲዳክተብል አለ፤ ኢንሹራንሱ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ታማሚው ብቻውን የሚከፍለው የመጀመሪያው ገንዘብ ማለት ነው። ኮኢንሹራንስ አለ፤ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ሒሳብ ላይ ታማሚው ሃያ ወይም ሃያ አምስት በመቶውን ይካፈላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚልበት ጣሪያ ተቀምጧል። አያችሁ? እንደገና ጣሪያው የከፋዩ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ልብ ገባን፤ እዚህ ትንሽ አቆያችኋለሁ።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ትልቅ ክርክር ነበር። አንዱ ወገን ሕክምና ለሁሉም ነፃ ይሁን ይላል። ሌላው ሰው ከኪሱ ካልተካፈለ በትንሽ በትልቁ ሐኪም ቤት እየሄደ አገር ያከስራል ይላል። መንግሥት እንግዲህ በወሬ ከምንሟገት በሰው እንየው ብሎ ገንዘብ መደበ። ሥራው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ሞኒካ ለሚገኘው ራንድ ለተባለ የጥናት ተቋም ተሰጠ፤ መሪው ጆሴፍ ኒውሃውስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። ከ1974 እስከ 1982 ለቆየው ጥናት ከኦሃዮ ዴይተን፣ ከሲያትል፣ ከማሳቹሴትስና ከደቡብ ካሮላይና በጠቅላላው ከስድስት አካባቢ ወደ 2,750 ቤተሰብ ተመለመለ። አንዱ ቤተሰብ ለሦስት ዓመት፣ ሌላው ለአምስት ዓመት። የትኛው ኢንሹራንስ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ነበር። ለአንዱ ፍጹም ነፃ ደረሰው። ለሌላው ከሒሳቡ 25 በመቶ፣ ለሌላው 50፣ ለሌላው ደግሞ 95 በመቶ ከኪሱ እንዲከፍል ተመደበ።

ዘጠና አምስት በመቶ ሲባል የደነገጠ አለ? አይደንግጥ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች በታማሚው ራስ ላይ ጣሪያ ሠርተው ነበር። ማንኛውም ቤተሰብ በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ከገቢው 5፣ ወይም 10፣ ወይም 15 በመቶ እንዳያልፍ፣ ያም ሆኖ ከ1,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የዚያ ዘመን ሺህ ዶላር በዛሬ ዋጋ ወደ ስድስት ሺህ ይጠጋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ እስከ ዓመቱ ማለቂያ ሁሉም ነፃ ነው። ይህም አልበቃቸው። በጥናቱ ስለገባ ብቻ ከቀድሞ ኢንሹራንሱ የባሰ እንዳይደርስበት ሊጎዳ የሚችልበት ገንዘብ አስቀድሞ ተሰልቶ ለየቤተሰቡ ይከፈለው ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከኪሱ የሚከፍለው ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ከነፃ ታካሚው ባነሰ ነው። ወጪ ቀነሰ። በአማካይ ሲታይም የብዙኃኑ ጤና ብዙ አልተለየም። ይህ ቃል ከሳንታ ሞኒካ ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየኢንሹራንስ ኩባንያው፣ በየምክር ቤቱ ተሰማ። ሰው ይካፈል፤ ጤናው አይጎዳም ተባለ።

ያው ጥናት ግን ሌላም ተናግሮ ነበር። ድሃ ሆነው ቀድሞ የታመሙት፣ በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው በተሻለ ሁኔታ ይረጋጋላቸው ነበር። የሚከፍለው ሰው የቀነሰውም የማያስፈልገውን ሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈልገውንም እኩል ነው የቀነሰው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጤናው አልተጎዳም የተባለው ሰው በገቢው ልክ የተሠራ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ነው። ያንን ጣሪያ አንሥታችሁ ክፍያውን ብቻ ብትወስዱ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ጥናቱ አላየውም። እንደ እኔ ትልቁ ስህተት የተሠራው እዚህ ነው፤ ክፍያው ወደ አሠሪዎች ኢንሹራንስ ዘለቀ፣ በገቢ ልክ የተበጀው ጣሪያ ግን ከጥናቱ ጋር ቀረ።

ቀጥሎ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በ1974፣ ያ ጥናት ሰው በሚመዘግብበት ዓመት፣ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ኤሪሳ የተባለውን ሕግ ፈረመ። በዋናነት ስለ ጡረታ የወጣ ሕግ ነው፤ ነገር ግን የሠራተኞቹን ሕክምና ከራሱ ካዝና የሚከፍል አሠሪ የክፍላተ ግዛቶች የኢንሹራንስ ሕግ እንዳይነካው አደረገ። በ2003 ደግሞ ዲዳክተብሉ ከፍ ያለ ኢንሹራንስ ለሚይዝ ሰው ከግብር ነፃ የቁጠባ ሒሳብ ተፈቀደ፤ ያም ዲዳክተብል እያደር እንዲወጣ መንገድ ጠረገ። በመሃል በአንዳንድ ኢንሹራንስ የከፋዩ ጣሪያ በሰው ዕድሜ ልክ ተሰፈረ፤ አንድ ሚሊዮን ወይም ሁለት ሚሊዮን ዶላር ካለቀ በኋላ አበቃ ይባላል። ያለ ጊዜው ተወልዶ ወራት በማሽን ውስጥ የከረመ ሕፃን፣ ደሙ የማይረጋ ልጅ፣ ይህን ወሰን ገና ሳያድግ ሊጨርሰው ይችል ነበር።

መጋቢት 23 ቀን 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሕዝቡ በስሙ ኦባማኬር የሚለውን ሕግ ፈረመ። ታሪኩ የተገለበጠው ያኔ ነው። የከፋዩ የዕድሜ ልክ ወሰን ተከለከለ፤ ዓመታዊ ወሰኑም በዋና ዋና ሕክምናዎች ላይ ከ2014 ጀምሮ ቀረ። በዚያው በ2014፣ ከጥቂት የቆዩ ኢንሹራንሶች በቀር፣ የአሠሪዎች ኢንሹራንስ ሁሉ በታማሚው ላይ ጣሪያ እንዲኖረው ሕግ ሆነ። ለአንድ ሰው 6,350 ዶላር፣ ለቤተሰብ 12,700። ለዚህ ሕግ ክብር አለኝ። ከዚያ በፊት ኢንሹራንስ ኖሮት ቤቱን ያጣ ሰው ነበርና።

አጀማመሩ ግን ወዲያው ቀና አላለም። መድኃኒቱን አንድ ድርጅት፣ ሕክምናውን ሌላ ድርጅት የሚያስተዳድርላቸው አሠሪዎች ኮምፒውተሮቻችን አይነጋገሩም ብለው አመለከቱ፤ ለመጀመሪያው ዓመት እፎይታ ተሰጣቸው። በዚያ ዓመት አንዳንድ ሠራተኛ ለመድኃኒት ሌላ፣ ለሕክምና ሌላ ጣሪያ ነበረው ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተደፈነ። ከዚያ በፊት በቤተሰብ ኢንሹራንስ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቢታመም የቤተሰቡን ጣሪያ ሙሉውን ሊከፍል ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሰው ከአንድ ሰው ጣሪያ በላይ አይጠየቅም።

ጣሪያው ግን ባለበት አልቆመም። ሕጉ በየዓመቱ እንዲያድግ አድርጎታል፤ የሚያድገውም በደመወዝ ልክ ሳይሆን በኢንሹራንስ ዋጋ ልክ ነው። በ2019 ወደ 7,900 ወጣ። በ2023 ወደ 9,100። በ2025 ለአንድ ሰው 9,200፣ ለቤተሰብ 18,400 ሆነ። ለ2026 በመጀመሪያ 10,150 ተባለ፤ በ2025 አጋማሽ ላይ የስሌቱ መንገድ ተለወጠና 10,600 ሆነ፤ ለቤተሰብ 21,200። ከተጀመረበት ሲነጻጸር ሁለት ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሏል። ኢንሹራንስ በተወደደ ቁጥር ታማሚውን ከኢንሹራንስ ውድነት ሊጠብቀው የተሠራው ጣሪያ አብሮ ይርቃል። እውነት ለመናገር ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ከሕጉ ጣሪያ በታች ያደርጉታል። ሸክሙ የሚከብደው አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ኬ ኤፍ ኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ተቋም በ2024 ባደረገው የአሠሪዎች ጥናት የአንድ ሰው አማካይ ዲዳክተብል በትልልቆቹ ድርጅቶች 1,538 ዶላር ሲሆን በአነስተኞቹ 2,575 ነበር።

አሁን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እንሂድ። አንድ አባወራ በሐሳባችን እናቁም። ስም አልሰጠውም። ዋሽንግተን መሃል አንድ ሕንፃ ሥር መኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ይቀበላል። ሚስቱ ቤት ናት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አላቸው። በሰዓት 18 ዶላር ይከፈለዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ ግብር ሳይነሣለት 37,440 ዶላር ነው። በመሥሪያ ቤቱ በኩል ለራሱ የያዘው ኢንሹራንስ ዲዳክተብሉ 2,500፣ ኮኢንሹራንሱ 20 በመቶ፣ ጣሪያው በ2025 ሕጉ የሚፈቅደው 9,200 ነው።

በኅዳር ወር ደረቱን ያመዋል። ልቡ ነው። ሆስፒታልና ኢንሹራንስ በተስማሙበት ዋጋ ሒሳቡ 60,000 ዶላር ይመጣል። የመጀመሪያውን 2,500 እሱ ይከፍላል። ከቀሪው 57,500 ላይ 20 በመቶው 11,500 ነው፤ ግን እዚያ ድረስ አይሄድም፤ 6,700 እንደከፈለ ድምሩ 9,200 ይሞላና ይቆማል። ጣሪያው ባይኖር 14,000 ይከፍል ነበር፤ ጣሪያው አድኖታል።

ፖስታ ይመጣል። ልጁ ነው የሚያነብለት።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ "ይህ ቢል አይደለም" ይላል።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድነው?»

«ኢንሹራንሱ ስንት እንደከፈለ፣ አንተ ስንት እንደምትከፍል ነው። ቢሉ ሌላ ይመጣል ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ ልጅ ስንቱ የስደተኛ ቤት አለ! የአባቱን የልብ ሕመም ወጪ በእንግሊዝኛ አንብቦ በአማርኛ የሚያስረዳ። ይህ ሸክም ለልጅ ትከሻ የተሰፈረ አይደለም፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልቻልኩም።

እስቲ ቁጥሩን እናስተውል። 9,200 ዶላር ከዚህ ሰው የዓመት ደመወዝ ሩብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እዚያው ሕንፃ ላይ ፎቅ ተቀምጦ በዓመት 184,000 ዶላር የሚያገኝ ሰው ቢታመምም ያው 9,200 ነው፤ ለእሱ አምስት በመቶ ነው። ያኔ በራንድ ጥናት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ተቀባዩ ዕጣው እጅግ ክፉ ቢወጣለት እንኳ ከ15 በመቶ፣ ማለትም ከ5,616 ዶላር አያልፍም ነበር። ዝቅተኛው ጣሪያ ቢደርሰው 1,872 ነው። አንድ ቁመት ያለው ጣሪያ ከላይ ላለው ሰው መጠለያ ነው፤ ለዚህ ሰው ግን ዝናቡ መሃል ላይ አርሶት ካለፈ በኋላ የሚጀምር ጣሪያ ነው።

ገቢን ያየ ጣሪያ አሜሪካ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ያው የ2010 ሕግ አሠሪ ኢንሹራንስ የማይሰጣቸው ሰዎች በራሳቸው በሚገዙበት ገበያ ላይ አኑሮታል። እዚያ የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመሩ ሁለት እጥፍ የማያልፍ ሰው ሲልቨር የተባለውን ደረጃ ከያዘ፣ በ2025 የአንድ ሰው ጣሪያው ከ3,050 ዶላር እንዳይበልጥ ታዟል። የእኛ አባወራ በሦስት ሰው ቤተሰቡና በገቢው ሲታይ በዚህ መስመር ውስጥ ነው። ለራሱ ግን አይገባም። ለምን? አሠሪው ኢንሹራንስ አቅርቦለታላ! ለኢንሹራንሱ በየወሩ የሚከፍለው የራሱ ድርሻ፣ ፕሪሚየም የሚባለው፣ በ2025 ከቤተሰቡ ገቢ 9.02 በመቶ ካላለፈ፣ ኢንሹራንሱም በአማካይ ከሕክምና ወጪ 60 በመቶ ያህሉን ከሸፈነ፣ ሕጉ አቅሙ የሚፈቅድለት ኢንሹራንስ አግኝቷል ብሎ ያንን በር ይዘጋበታል። ፈተናው ፕሪሚየሙን ያያል። ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ከደመወዙ ስንት እጅ እንደሚወስድ አይጠይቅም። ሥራ ስላለው ተቀጣ ማለት እስኪቻል ድረስ ነው። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ የምክር ቤቱ ሰዎች ሊያርሙት የሚገባ ግፍ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ሌላም አለ። ከጣሪያው ሥር የማይገባ ወጪ። ፕሪሚየሙ አይቆጠርም፤ እሱ ታመመም አልታመመም ከደመወዙ ይቆረጣል። ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ሕክምና አይቆጠርም። ከኔትወርክ ውጭ ወዳለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ወደሌለው ሐኪም በራሱ ፈቃድ ከሄደም አይቆጠርም። በድንገተኛ ክፍል ግን ከ2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ደርሶለታል፤ ሳያውቅ ከኔትወርክ ውጭ በሆነ ሐኪም ቢታከም የሚጠየቀው በኔትወርክ ዋጋ ነው፣ የከፈለውም ወደ ጣሪያው ይቆጠርለታል። ይህ ሕግ ሄሊኮፕተሩን ሲያካትት በመንገድ የሚሄደውን አምቡላንስ ሳያካትት ቀረ። አምቡላንስ ጠርቶ የሚመርጥ ሰው የት አለ?

የመድኃኒቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቃል። ዋጋቸው የከበደ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለታማሚው ኮፔዩን፣ ማለትም ለመድኃኒቱ ከኪሱ የሚከፍለውን ድርሻ፣ የሚሸፍንለት ካርድ ይሰጣሉ። አንዳንድ ኢንሹራንስ ገንዘቡን ይቀበልና ወደ ጣሪያው አልቆጥርም ይላል፤ ካርዱ ሲያልቅ ታማሚው ዓመቱን ከዜሮ ይጀምራል። ከሃያ በላይ ክፍላተ ግዛት ይህን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። በ1974 የተፈረመውን ኤሪሳን አስታወሳችሁት? የክፍለ ግዛቱ ሕግ ከራሱ ካዝና የሚከፍለውን አሠሪ አይነካውም፤ በ2024 በአሠሪ በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች 63 በመቶዎቹ ደግሞ እንዲህ ባለው ዕቅድ ሥር ነበሩ።

አባወራችን በኅዳር ታመመ ብያችኋለሁ። ታኅሣሥ አለፈ። ሐኪሙ ለልቡ ማገገሚያ በሳምንት ሦስት ቀን ና ብሎታል፤ ክትትሉም አላበቃም። ጃንዋሪ 1 ቀን ቆጠራው ይታጠባል። ዲዳክተብሉ ከመጀመሪያው፣ ጣሪያውም ከመጀመሪያው፤ ያውም ኢንሹራንሱ ከሕጉ ጋር እኩል ከተራመደ 10,600 ሆኖ። ሕመሙ ቢከፋና በየካቲት እንደገና ሆስፒታል ቢገባ፣ በአራት ወር ውስጥ ሁለት ዓመት ጣሪያ ሊነካ ይችላል፤ 19,800 ዶላር። ከዓመት ደመወዙ ከግማሽ በላይ። ያኔ ነው ጎፈንድሚ የሚከፈተው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ሲያበቃ የሚለመነው፣ በዋትሳፑ ላይ የመዋጮው ዝርዝር የሚዞረው። ወገኑ አይጨክንም፣ ያዋጣል። ግን ኢንሹራንስ ላለው፣ በየወሩ ለሚቆረጥለት ሰው መዋጮ ማዞር የወገኑ ሥራ መሆን አልነበረበትም።

አሠሪ ከፈለገ ይህን ዛሬውኑ ማስተካከል ይችላል። የ9,200ው ቁጥር በ2025 ሕጉ የፈቀደው የመጨረሻው ጫፍ ነበር እንጂ ግዴታ አልነበረም። ከራሱ ካዝና የሚከፍል አሠሪ ላይ ያለው የግብር ሕግም የሚከለክለው ለከፍተኛ ተከፋዮች ማድላትን ነው፤ ዝቅ ያለ ደመወዝ ላለው ዝቅ ያለ ጣሪያ ማድረግን አይከለክልም። ፕሪሚየሙን በደመወዝ ልክ የሚያስከፍሉ አሠሪዎች ቀድሞም አሉ፤ ጣሪያውንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በየዓመቱ በመጸው ምዝገባ ሲከፈት፣ ሠራተኞች ተሰብስበው የሰው ኃይል ክፍሉን ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። በዚያ ጊዜ የሚሰጠው አጭር የኢንሹራንስ ማብራሪያ ወረቀት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፤ የዚህ ኢንሹራንስ ጣሪያ ስንት ነው የሚልና በጣሪያው ውስጥ የማይቆጠረው የትኛው ነው የሚል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፕሪሚየሙን ብቻ አይቶ ይፈርማል። ሁለተኛውን ጥያቄ አንብቡ።

የታመመው ሰው ግን ምዝገባ እስኪከፈት፣ ምክር ቤት እስኪያርም አይጠብቅም። ለእሱ የምለው አለኝ። ያው የ2010 ሕግ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ሁሉ ለችግረኛ ታካሚ የሚሆን የዕርዳታ መመሪያ በጽሑፍ እንዲኖራቸው፣ ብዙ ተናጋሪ ባለበት አካባቢም በሕዝቡ ቋንቋ ተተርጉሞ እንዲገኝ አዟል። ኢንሹራንስ ያለው ሰው አይጠይቅም የሚል ሕግ የለም። ሜሪላንድ ከዚህም ታልፋለች፤ ሆስፒታሎቿ ገቢው ከድህነት መስመሩ ሁለት እጥፍ የማያልፍ ሰው አስፈላጊ ሕክምናውን በነፃ እንዲያገኝ፣ ኢንሹራንሱ ያልሸፈነለትንም ሒሳብ ጭምር እንዲያዩለት በሕግ ታዘዋል። ያንን ገንዘብ ተቀባይ የአሠሪው ኢንሹራንስ በገቢው ልክ የተሠራ ጣሪያ ከልክሎታል፤ የሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ግን ገቢውን አይቶ ሊምረው ይችላል። የሚያየው የሆስፒታሉን ሒሳብ ነው፤ ለብቻቸው ቢል የሚልኩ ሐኪሞች ላይካተቱ ይችላሉ፣ እነሱንም ለየብቻ መጠየቅ ነው።

ቅጹ የዕርዳታ ማመልከቻ ይባላል፤ የደመወዝ ደረሰኝና የግብር ወረቀት አብሮ ይፈልጋል። ቢሉ ከመጣ በኋላም አይረፍድም፤ የፌዴራሉ ሕግ ለማመልከቻ የሚሰጠው ጊዜ 240 ቀን ነው፣ የሚቆጠረውም ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ ነው።